ጋሽ ወልዴ ያልደረሱበት ሴኮንድ

ከሆስፒታሉ የተደወለው በእኔ ስልክ ነው። ከሴሚስተር ዕረፍት በኋላ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር።

«ሰሚራ ከድር ነሽ? የአቶ ወልዴ የቅርብ ዘመድ?» አለችኝ አንዲት ሴት።

ዘመዳቸው አይደለሁም። ጋሽ ወልዴ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ግን ካርዳቸው ላይ «የቅርብ ዘመድ» በሚለው ቦታ የእኔን ስምና ስልክ አስሞልተው ኖሯል። እኔ ይህን ያወቅኩት ገና ያን ሰዓት ነው።

«አዎ፣ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲህ ጠዋት አርፈዋል። ዕቃቸውን መጥታችሁ ውሰዱ።»

ከኋላዬ የቆመች ሴትዮ «ተንቀሳቀሺ እንጂ እህቴ፣ ሰልፉ እኮ ሄደ!» ብላ ገፋችኝ። ተንቀሳቀስኩ። ታክሲ ውስጥ ገባሁ፣ መስኮት ጋ ቦታ መረጥኩ፣ መልስ ተቀበልኩ። ማልቀስ የጀመርኩት አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወርጄ መንገድ ልሻገር ስል ነው፤ መኪናው ሁሉ ቆሞ እስኪጠብቀኝ ድረስ።

ስለ ጋሽ ወልዴ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ አንዱ ነገር በሌላው ላይ እየተደራረበ ይመጣብኛል። እሳቸው ቢኖሩ «ከመነሻው ሁኔታ ጀምሪ» ይሉኝ ነበር። ማንኛውም ስሌት ከመጀመሩ በፊት ነገሩ ሁሉ ምን ላይ እንዳለ መጻፍ አለበት፤ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ውሃው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ። እንግዲህ መነሻው ሁኔታ ይኸውላችሁ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ግራጫ ሹራብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ራሽያ ተልከው የተማሩት በኒውክሌር ሪአክተር ውስጥ ሙቀት ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ በተለይ ድንገት አንድ ነገር ሲበላሽ ምን እንደሚፈጠር በኮምፒውተር ማስላት ነው። ተምረው ሲመለሱ እዚህ ሪአክተር የለም። ስለዚህ ጡረታ እስኪወጡ ፊዚክስ አስተማሩ። ስሌታቸውን ግን አልተዉም። የሌለ ሪአክተር ሙቀት ኮልፌ ውስጥ፣ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ በምትይዝ ክፍል ሲያሰሉ ኖሩ።

የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ ቦምብ» ነበር የሚሏቸው።

«ጋሼ ቦምብ! ዛሬስ ሊፈነዳ ነው?»

«ዛሬ አይደለም። ለነገ ቀጥሬዋለሁ፤ ነገ ፈተና አለብህ አይደል?»

እናቴ ደግሞ ሌላ ነበር የምትላቸው። «ጋሽ ወልዴ፣ የሌለ ነገር እያሰሉ ዕድሜዎ አለቀ እኮ!»

«ዘይነባ፣ ከመጣ በኋላ ማስላት ቢጀመር ይረፍዳል» ብለው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። እናቴ እየሳቀች ራሷን ትነቀንቃለች። ይህን ነገር በሳምንት አንዴ ካልተባባሉ ሁለቱም ደስ አይላቸውም ነበር።

እኔ ወደዚያች ክፍል የገባሁት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መብራት ሄዶ በረንዳ ላይ ተጎልቻለሁ። ጋሽ ወልዴ ደብተርና የግራፍ ወረቀት ይዘው መጡና «እጅሽን ዘርጊ» አሉኝ። ዘረጋሁ። ሐኪም ይመስል አዩት። «አይንቀጠቀጥም። ጥሩ። የእኔ እንቢ ብሎኛል፤ ነጥቦቹን አንቺ አስቀምጪልኝ።»

ነጥቦቹ ከየት እንደሚመጡ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒውተራቸው አሮጌ ነው፤ ጎኑ ተከፍቶ ማራገቢያ ተደቅኖበታል። መብራት ሲቆራረጥ ዲስኩ ሁለት ጊዜ ስለተበላሸባቸው፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ዲስክ ላይ ምንም እንዳይጽፍ አድርገውታል። ሁሉንም በራሱ ጭንቅላት ይይዝና የሚያስቀምጠው ሲጨርስ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን በየእርምጃው አንዲት መስመር ያወጣል፤ ስንተኛው ሴኮንድ እንደሆነና ከሁሉም በላይ የጋለችው የነዳጅ ዘንግ ስንት ዲግሪ እንደደረሰች። ያችን መስመር በእጃችን ደብተር ላይ እንገለብጣለን። ሳይጨርስ መብራት ከሄደ ስሌቱ እንዳለ ይጠፋል፣ ከመጀመሪያው ነው የሚጀመረው፤ ለእኛ የሚቀረን ደብተሩ ነው።

«ፓምፑ ቆመ እንበል» ብለው ነው ሁልጊዜ የሚጀምሩት። ይህን ሲሉ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ይጨብጣሉ፤ ውሃው የቆመው እጃቸው ውስጥ ይመስል።

ነገሩ የገባኝ ግን በታክሲ ነው። አንድ ቀን አብረን ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ ስንመጣ ሚኒባሱ ዳገቱ ላይ እንፋሎት ማውጣት ጀመረ። ሹፌሩ ዳር ይዞ ሞተሩን ሊያጠፋ ሲል ጋሽ ወልዴ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብለው ተነሡ።

«አታጥፋው! እንዲሁ ቆሞ ይሥራ!»

«አባቴ፣ መኪናው የማን ነው?»

«የአንተ ነው። ግን የውሃው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩን ስታጠፋ ውሃውም ይቆማል፤ ብረቱ ገና እንደጋለ ነው። ማጥፋት ማቀዝቀዝ አይደለም!»

«እሺ አስተማሪ፣ ይቀመጡ» አለና አጠፋው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አፍሬ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ከፊት በኩል ቡፍ! አለና የፈላ ውሃ ተረጨ። ተሳፋሪው እየጮኸ በአንዲት በር ተንጋግቶ ወረደ።

ሹፌሩ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አያቸው። «ጋራዥ አለዎት እንዴ አባቴ?»

«የለኝም። ሪአክተርም የለኝም» አሉት።

የቀረውን መንገድ በእግራችን ስንወጣ አስረዱኝ። ሪአክተርም እንደዚያ ነው። አደጋ ሲመጣ እሳቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ሙቀቱ ግን አይጠፋም። ፓምፑ ከቆመ ያ የቀረው ሙቀት መሄጃ ያጣል፤ ዘንጎቹ ይግላሉ፣ ይግላሉ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ደርሰው መውረድ ይጀምራሉ። ጥያቄው ከመውረዳቸው በፊት እስከ ስንት ይወጣሉ ነው። እሳቸው የሚያሰሉት ሪአክተር ላይ ወሰኑ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዲግሪ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ነዳጁን የያዘው ቱቦ ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ይቀደዳል። ጋሽ ወልዴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠየቁት ይህችን አንድ ጥያቄ ነው።

መልሱም ተገኝቶ ነበር። ደብተሩ ላይ በአሥረኛው ሴኮንድ 781፣ በአሥራ ሁለተኛው 774 ይላል። እኔ ሁለቱን ነጥቦች ሳገናኝ፣ ውበት ይኑረው ብዬ፣ በመካከላቸው እንደ ኮረብታ ከፍ አደረግኩት። ላጲሱን አነሡ።

«በሁለቱ መካከል ምን እንዳለ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ያላየሽውን አትሳዪ። በማስመሪያ አገናኚ።»

በማስመሪያ አገናኘሁ። «ከፍተኛው 781 ዲግሪ» ተብሎ ሪፖርቱ ተጻፈ። በዚያ ሰሞን ስለ ኒውክሌር ኤሌክትሪክ የሚያጠና አንድ መሥሪያ ቤት መኖሩን ሰምተው ነበርና ሱፍ ለብሰው፣ ያን ሰፊ ክራባታቸውን አስረው ወጡ። እናቴ በሩ ድረስ ሸኘቻቸው። «ዛሬስ ሙሽራ መሰሉ!» አለቻቸው። ሪፖርቱን በትልቅ ቡናማ ፖስታ አሽገው ሰጥተው ተመለሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ስልካቸው በጮኸ ቁጥር እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ነበር የሚያነሡት።

አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ማንም አልደወለም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ሒሳብ ላይ የአንድ ኩርባ ጫፍ እንዴት እንደሚገኝ ተማርን። እኔም የተማርኩትን ላሳያቸው ቸኮልኩ። እውነቱን ልናገር፣ «ጎበዝ» እንዲሉኝ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ጫፉ አሥረኛው ሴኮንድ ላይ ነው ያልነው በየሁለት ሴኮንዱ ስለምናይ አይደል? አሥራ አንደኛው ላይ ቢሆንስ? አናየውም እኮ!»

ፈገግ አሉ። ፈገግታው ፊታቸው ላይ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ እንዴት እንደሚጠፋ አየሁ።

«ለምንድን ነው ግን በየሁለት ሴኮንዱ ያደረግነው?» አልኳቸው። ዝም ማለት አልቻልኩበትም።

«መብራት ይሄዳል ብዬ» አሉ።

በትንንሽ እርምጃ ከሄደ ስሌቱ ሦስት ቀን ይፈጃል። በየሁለት ሴኮንዱ ከሆነ ጠዋት ተጀምሮ ምሳ ላይ ያልቃል፤ መብራት ሳይሄድ ይደርሳል። መጀመሪያ ያደረጉት ለጊዜው ብለው ነው። ከዚያ ለመዱት። ከዚያ ረሱት። ሌላ አገር የተቀመጠ የእሳቸው ዓይነት ባለሙያ ይህን ስህተት አይሠራም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ መጀመር ምን እንደሆነ አያውቅማ።

«መብራቱን ፈርቼ እሳቱን ዘለልኩት፣ ሰሚራ» አሉኝ። ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀመጡ። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳቸው።

በማግስቱ አብረን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ሪፖርቱ ስህተት እንዳለበት ነግረው ሊያስመልሱ ነው። መንገድ ላይ የሚናገሩትን ይለማመዳሉ። «ተጠያቂው እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። አንብበው አምነውት ከሆነስ? አንድ ቦታ ተጠቅመውበት ከሆነስ?» ላብ አጥምቋቸዋል።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወጣት ናት፤ ክፉም አይደለችም። «የትኛው ሪፖርት?» አለች። ቀኑን ነገሯት። ከመደርደሪያው ሥር ካለ ክምር ውስጥ ስትፈልግ ቆይታ አቧራውን እፍ ብላ አወጣችው። ቡናማው ፖስታ። ራሳቸው እንዳሸጉት ነው፤ ማንም አልከፈተውም።

«እንግዲያው ምንም ችግር የለም አባባ!» አለቻቸው ደስ ብሏት። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ማንም አላየውም!»

ጋሽ ወልዴ ፖስታውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አመሰገኗት። ጎንበስም አሉ። ታክሲ ውስጥ ፖስታውን እንዳቀፉ ተቀመጡ።

«ስህተቴን እንኳን የሚያይልኝ ሰው የለም» አሉ። ለእኔ አልነበረም የተናገሩት።

ከዚያ ወዲህ ሰውነታቸው መክሳት ጀመረ። ጉበታቸው ነው ተባለ፤ ቆይቷል ተባለ። በዚህ ዓመት ለሴሚስተር ዕረፍት ስንዘጋ ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሞቹ ቀን አልቆረጡልንም፤ ብዙ እንደማይቆዩ ግን ግቢው ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ሪፖርቱን ትራሳቸው ሥር ነው የሚያስቀምጡት። ከፍተኛው ሙቀት የሚለውን ገጽ እንደገና ጽፈውታል፤ የቁጥሩን ቦታ ግን ባዶ ትተውታል።

«ማንም ባያነበውም ትክክል መሆን አለበት» አሉኝ። «ሦስት ቀን ብቻ ነው ሰሚራ። በትንንሹ እርምጃ አስኪጂልኝ። ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ በታች መሆኑን ልወቅ። ወይም በላይ መሆኑን። ሳላውቅ አልሂድ።»

እናቴ ግቢውን ሰበሰበች። ያቺ በሳምንት አንዴ የምትስቅባቸው እናቴ! አንድ ቆጣሪ ነው ሁላችንም የምንጠቀመው፤ ብሬከሩም ደካማ ነው፣ ትንሽ ሲበዛበት ይወድቃል። «ሦስት ቀን በከሰል ብናበስል አንሞትም» አለች። «ምድጃ የለም፣ ቦይለር የለም፣ ካውያ የለም። የሰካውን ሰው እኔ ራሴ ነኝ የምነቅለው!» ማንም አልተከራከረም። አንዲት ጎረቤታችን ልጇን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠበች፣ ልጁ ሲያለቅስ «ዝም በል፣ የጋሼ ኮምፒውተር ይሰማሃል!» ስትለው ሰማኋት።

የመጀመሪያው ቀን መብራት አልሄደም። ሁለተኛውም አልሄደም። እኔ ደብተሩን ይዤ፣ ከማራገቢያው አጠገብ ቁጭ ብዬ እገለብጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙቀቱ 781ን አለፈ። 790። 802። 815። ያ በላጲስ የጠፋው ኮረብታ እዚያ ነበር! አምላኬ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የሚያስደስት ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዘንጉ እየጋለ ነው። ግን እውነቱ ፊቴ ላይ እየወጣ ነበር፤ ከእኔ በቀር በዓለም ላይ ማንም አላየውም። ስድስት ሰዓት ላይ የመጠየቂያ ሰዓት ነው፤ ሄጄ እስክነግራቸው ቸኮልኩ። ታናሽ እህቴን «አንቺ ገልብጪ» ብዬ አስቀመጥኳትና ቀሚሴን ልለብስ ወደ ትልቁ ቤት ሮጥኩ። ቀሚሱ ተጨማዷል። እንዲህ ባለ ቀን የተጨማደደ አይለበስም።

ካውያውን ሰካሁት።

እናቴን አልረሳኋትም፣ ኮምፒውተሩን አልረሳሁም፤ እንዴት እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም። እጄ ነው የሰካው። በረንዳው ላይ ብሬከሩ ቀጭ አለ። ከኋላ ያለው ማራገቢያ እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ዞሮ ሲቆም ሰማሁት። ከዚያ የእህቴ ድምፅ፦ «ሰሚ? ጠፋ እኮ።»

ደብተሩ ላይ የመጨረሻው መስመር 10.90 ሴኮንድ፣ 846.27 ይላል። ገና እየወጣ ነበር።

እናቴ መጣች። ካውያውን ነቅላ ጠቀለለችው። እኔ ኮምፒውተሩን እንደገና አስጀመርኩና፣ የተጨማደደውን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ።

ጋሽ ወልዴ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው እየጠበቁኝ ነበር። የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኗል።

«ደረሰ?»

ካውያ ሰካሁ ማለት ነበረብኝ። ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም።

«ደረሰ» አልኩ።

«ስንት?»

«ዘጠኝ መቶ ሠላሳ።»

«ነጥብ?»

«ነጥብ አርባ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ከወሰኑ በታች ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «በታች ነው ጋሼ። በጣም በታች» አልኳቸው። ሪፖርቱን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ጻፊው» አሉኝ። ባዶው ቦታ ላይ ጻፍኩት፤ 930.40። በጥሩ ጽሕፈቴ።

በማግስቱ የሰፈሩ መብራት ሄደ፤ ሁለት ቀን ቆየ። ሁለተኛው ስሌት አራተኛው ሴኮንድ ላይ ነበር፤ እሱም ጠፋ፣ ሦስተኛ ጊዜ አላስጀመርኩም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። አንዴ ብርቱካን ላጪልኝ አሉኝ። አንዴ ስለ ፈተናዬ ጠየቁኝ። ስለ ቁጥሩ ምንም አላሉም። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አምነውኝ ልባቸው ዐረፈ ብዬ።

የሆስፒታሉን ስልክ በተቀበልኩ ቀን ከእናቴ ጋር ሄደን ዕቃቸውን ወሰድን። አንድ ፌስታል ነው፤ ሹራባቸው፣ መነጽራቸው፣ ሪፖርቱ። ሪፖርቱን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ገለጥኩት። 930.40 ላይ አንድ መስመር ተሰርዞበታል። ከበላዩ፣ በእሳቸው ጽሕፈት፣ አንድ ቃል ተጽፏል፤ «አልተሰላም»።

አውቀው ነበር። ከነጥብ አርባዋ ይሁን ከፊቴ፣ አላውቅም። አውቀው ነው ብርቱካኑን ያስላጡኝ። ቢቆጡኝ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር፤ ይቅርታም እጠይቅ ነበር። አልተቆጡኝም። ሳላውቅ አልሂድ ያሉት ሰው ሳያውቁ ሄዱ፤ የእኔን ውሸት ግን ይዘው አልሄዱም።

ከቀብሩ በኋላ የወንድማቸው ልጅ ከሳንሱሲ መጥቶ ክፍሏን አጸዳ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ኮምፒውተሩን ለቆራሌው ሰጥቶታል። ፕሮግራሙ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ቆራሌውን ለመፈለግ ኮልፌ ገበያን ሁለት ቀን ዞርኩ። ያገኘሁት ሰው «የቱን ኮምፒውተር እህቴ? እኛ በኪሎ ነው የምናስረክበው» አለኝ። አሥራ አንደኛው ሴኮንድ ላይ ምን እንደሚሆን ከእንግዲህ ማንም አያሰላውም።

ባለፈው ዓርብ ሪፖርቱን በአዲስ ፖስታ አድርጌ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰድኩት። ያችው ልጅ ናት። አስታወሰችኝ።

«አባባስ?»

ነገርኳት። «ውይ» አለች፤ ከልቧ ነው። ከዚያ መዝገቡን ገለጠች። «ይሄስ ትክክል ነው አሁን?»

«ትክክል ነው።»

«ውጤቱ ምን ይላል? እዚህ ጋ በአጭሩ መሙላት አለብኝ።»

ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። በንጹሕ ጽሕፈት «አልተሰላም» ብላ ሞላችው። ፖስታውን ሳትከፍት መደርደሪያው ሥር ካለው ክምር ላይ አኖረችውና «ቀጣይ» አለች።